በሆስፒታል የምትወልድ እናት ምን ይጠብቃታል?

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት የሚተረተው ያላየ ሰው ያየውን ላስተምር ሲል ነው። ተረቱም እውነት አለው፤ ምጥን ከወለደች እናት ይልቅ ማን ያውቀዋል? ይሁን እንጂ ባለፉት ዓመታት በአገራችን አንድ ነገር ተለውጧል። የዛሬዎቹ ነፍሰ ጡሮች እናቶች አብዛኞቹ የወለዱት በቤታቸው፣ በጎረቤትና በልምድ አዋላጅ እጅ ነው። ልጆቻቸው ግን ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል መሄድ ጀምረዋል። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ይኸው ቁጥር በ2008 ዓ.ም. ወደ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብሏል።

ስለዚህ ምጥን ጠንቅቃ የምታውቅ እናት ሆስፒታሉን ላታውቀው ትችላለች። ልጇ «እማዬ፣ እዚያ ስገባ ምን ያደርጉኛል?» ብላ ብትጠይቃት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ከማለት በቀር የምትመልሰው ላይኖራት ይችላል። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ለጥያቄው ግን መልስ አይሆንም። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ደግሞ ወደ ፍርሃት ይለወጣል። ፍርሃቱም ሰዓት ያስጠፋል።

በሰፈራችን የምትኖር አንዲት ወጣት ባለትዳር የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘች ጊዜ የሐኪም ቀጠሮዋን አንድም ቀን አላስታጎለችም ነበር። ምጡ የጀመራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። እናቷና ጎረቤቶቿ ከበዋት «የበኩር ምጥ ይዘገያል» እያሉ ሲያጽናኗት አደሩ። እርሷም ዝም አለች። ቆይታ እንዳጫወተችን፣ ዝም ያለችው ምጡን ስለቻለችው ሳይሆን ሆስፒታሉን ስለፈራች ነው። ብቻዋን አስተኝተው በር የሚዘጉባት፣ ያለ ምክንያትም በምላጭ የሚቀዷት መስሏት ነበር። ሊነጋጋ ሲል የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ባለቤቷ ታክሲ ለምኖ አደረሳት። ሕፃኑም በደረሱ በ20 ደቂቃ ውስጥ በደህና ተወለደ። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ግን ደሟ አልቆም አለ። አዋላጅዋ ማኅፀኗን በእጇ እያሸች፣ መርፌ ተወግታ፣ ግሉኮስ ተተክሎላት፣ በመጨረሻም ደም ተሰጥቷት ተረፈች። መንገዱ ጥቂት ረዝሞ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ደም የሚፈሰው በታክሲው ውስጥ ነበር።

የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ የወደፊት እናትና አባት ከሆስፒታሉ በር እስከ መመለሻቸው ድረስ የሚገጥማቸውን በቅደም ተከተል ማሳየት ነው። የሚያውቁት ቤት አያስፈራምና።

ከቤት ከመውጣት በፊት

ለወሊድ መዘጋጀት የሚጀመረው በምጥ ቀን አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ጊዜ ቢያንስ 8 ጊዜ በጤና ባለሙያ እንድትታይ ይመክራል። በእነዚህ ቀጠሮዎች የደም ግፊቷ ይለካል፤ ሽንቷና ደሟ ይመረመራል፤ የደም ዓይነቷ ይታወቃል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትከተባለች፤ ደም ማነስን የሚከላከል የብረት እንክብልም ይሰጣታል። ውጤቱ ሁሉ በካርዷ ላይ ይጻፋል። በወሊድ ቀን ከዕቃ ሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ይህ ካርድ ነው።

ወሩ ሲቃረብ ነፍሰ ጡሯና ባለቤቷ አብረው ሐኪሙን ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የምንወልደው በጤና ጣቢያ ነው ወይስ በሆስፒታል?» የሚል ነው። ቀደም ሲል በቀዶ ጥገና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ፅንሱ በመቀመጫው የመጣባት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ያለ ወይም በፊተኛው ወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት መውለድ ያለባት ቀዶ ጥገና ማድረግና ደም መስጠት በሚቻልበት ሆስፒታል ነው። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት በብዙ ጤና ጣቢያዎች የተዘጋጀውን የእናቶች ማቆያ መጠየቅ ትችላለች። በዚያ ቀኗ እስኪደርስ ትቀመጣለች።

በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የወሊድ አገልግሎት የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው። በሆስፒታል ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለመሳሰለው የሚያስፈልግ ወጪ መኖር አለመኖሩን ግን አስቀድሞ ጠይቆ ጥቂት ገንዘብ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ከዚህም ሌላ ንጹሕ የሌሊት ልብስ፣ ነጠላ፣ ሞዴስ፣ ለሕፃኑ 2 ንጹሕ ፎጣ፣ ልብስና ቆብ፣ እንዲሁም አጥሚት የሚይዝ ፔርሙዝ በአንድ ዘንቢል ተሰናድቶ በር አጠገብ ይቀመጥ። የአምቡላንሱ ወይም የባለ ታክሲው ስልክ ቁጥርም ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ።

መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

እውነተኛው ምጥ ከሐሰተኛው የሚለየው በሥርዓቱ ነው። ሐሰተኛው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ስትራመድ ወይም ስታርፍ ይተዋታል። እውነተኛው ግን እየቆየ ይበረታል፤ በመካከሉ ያለው ዕረፍትም እያጠረ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ ተነሥቶ ወደ ሆድ ይዞራል። ደም የነካው ዝልግልግ ፈሳሽ ሲታይም ምጥ መቃረቡን ያመለክታል። ቁርጠቱ ሥርዓት ይዞ መመላለስ ከጀመረ ጉዞ መጀመር ነው። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ደግሞ ቁርጠት ባይኖርም መሄድ ያስፈልጋል።

ምጥ ሳይጠበቅ፣ ቀንም ሌሊትም ሳይባል ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶችም አሉ። እነዚህም የደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆም ናቸው።

በሆስፒታሉ በር

ወላዷ እንደደረሰች ካርዷ ይታያል፤ ምጡ መቼ እንደጀመራትና ውሃው መፍሰስ አለመፍሰሱ ትጠየቃለች። የደም ግፊቷ፣ የልብ ምቷና የሰውነቷ ሙቀት ይለካል። አዋላጅዋ ሆዷን በእጇ እየዳሰሰች የሕፃኑ ራስ ወዴት እንዳለ ታያለች፤ የልቡንም ምት ታዳምጣለች። የሕፃኑ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ መምታቱ ጤናማ ነው። እናቲቱ «የልጄ ልብ አበደ» ብላ መደንገጥ የለባትም።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሴቶች የሚያፍሩበት የማኅፀን በር ምርመራ ይደረጋል። አዋላጅዋ ጓንት አጥልቃ የማኅፀኑ በር ምን ያህል እንደተከፈተ በጣቶቿ ትለካለች። ሙሉ በሙሉ ተከፈተ የሚባለው 10 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ነው። ምርመራው ጤናማ በሆነ ምጥ በየ4 ሰዓቱ ይደገማል። ከመደረጉ በፊት ምን እንደሚደረግላት የመጠየቅ፣ መጋረጃ እንዲጋረድላትም የመለመን ሳይሆን የመጠየቅ መብት አላት። መርማሪው ወንድ ከሆነ ሌላ ሴት አብራ እንድትቆም ማመልከት ነውር አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ «ገና ነሽ፤ ቆይተሽ ተመለሺ» ትባል ይሆናል። ይህ ንቀት አይደለም። በሩ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ያለው ጊዜ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ብዙ ሰዓትም ሊወስድ ይችላል። ቤቷ ሩቅ ከሆነ ግን ይህንኑ ተናግራ በግቢው ወይም በአቅራቢያው እንድትቆይ ትጠይቅ።

በምጥ ክፍል

በሩ 5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በኋላ ያለው ምጥ ለበኩር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ቀደም ብላ ለወለደች ደግሞ ከ10 ሰዓት ያልፋል ተብሎ አይጠበቅም። በእነዚህ ሰዓታት አልጋ ላይ በጀርባ ተንጋሎ መቆየት ግዴታ አይደለም። መንጎራደድ፣ መቀመጥ፣ በጎን መተኛት ይቻላል፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ሐኪሙ ካልከለከለ ውሃ፣ ሻይና አጥሚት መጠጣት ኃይል ይሰጣል። ሽንትም ቶሎ ቶሎ መሽናት ይገባል። የሞላ ፊኛ የሕፃኑን መንገድ ያጠብበዋልና።

በብዙ ሆስፒታሎቻችን ለጤናማ ምጥ ማደንዘዣ መስጠት የተለመደ አይደለም። ቀስ ብሎ በረጅሙ መተንፈስ፣ ወገብን ማሳሸትና የሚያበረታ ሰው አጠገብ መኖሩ ግን ሕመሙን ያቀልላል። የዓለም የጤና ድርጅትም ወላድ የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን ይመክራል። አንዳንድ ሆስፒታል ክፍሉ ጠባብ በመሆኑና ሌሎች ወላዶች በመኖራቸው ወንድ አያስገባም፤ እናት ወይም እህት ግን ሊፈቀድላት ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ በክትትል ጊዜ መጠየቅ ይበጃል።

አዋላጅዋ በየጊዜው እየመጣች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ምልክት ስታደርግ ትታያለች። ወላዷ ስታያት ጽሕፈት የምታበዛ ይመስላት ይሆናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በሰንጠረዡ ላይ የማኅፀኑ በር አከፋፈት፣ የሕፃኑ ልብ ምትና የእናቲቱ ሁኔታ በሰዓት በሰዓቱ ይሰፍራል። መስመሩ ከሚገባው ከዘገየ ምጡ መታገዱን ያስጠነቅቃል። በቤት ውስጥ የሌለው አንዱ ትልቅ ነገር ይህ ነው። በቤት ምጥ 2 ቀን ሲያልፍ «አልበቃትም» ይባላል እንጂ የሚቆጥረው የለም።

የታገደ ምጥ የሚያመጣውን መከራ አገራችን በሚገባ ታውቀዋለች። የሕፃኑ ራስ ለረጅም ጊዜ የፊኛውን ሥጋ ተጭኖ ሲቆይ ሥጋው ደም አጥቶ ይሞታል፤ እናቲቱም ሽንቷን መቆጣጠር ታጣለች። ፌስቱላ የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እነዚህን ሴቶች ማከም ጀምረው በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። በሽተኞቹን ሲጠግኑ የኖሩት ሐኪሞች ወደ አዋላጅ ማሠልጠን ማለፋቸው ብዙ ያስተምራል። ፌስቱላን ከመጠገን ይልቅ በምጥ ሰዓት አዋቂ አጠገብ መገኘቱ ይቀድማልና።

ሕፃኑ ሲወለድ

የማኅፀኑ በር ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ሳይታወቃት የማማጥ ስሜት ይመጣባታል። ከዚያ በፊት «አምጪ፣ አምጪ» ቢሏትም ያለ ጊዜው ማማጥ ኃይልን ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። ለበኩር ልጅ ይህ ጊዜ እስከ 3 ሰዓት፣ ለቀጣዮቹ እስከ 2 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከዚህ ያነሰ ነው።

ጎረቤታችንን ያስፈራት መቀደድ ለእያንዳንዷ እናት የሚደረግ ሥራ አይደለም። ሕፃኑ ሲታፈን ወይም በመሣሪያ መርዳት ሲያስፈልግ በማደንዘዣ ተደርጎ ይሰፋል። ያለ ምክንያት እንዳይደረግ የሕክምናው መመሪያ ራሱ ይከለክላል።

ሕፃኑ እንደተወለደ በንጹሕ ፎጣ ይደረቅና በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ይተኛል። ይህም እንዲሞቀውና ጡት እንዲፈልግ ያደርገዋል። እትብቱ የሚቆረጠው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ከተቆየ በኋላ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከእንግዴ ልጁ ተጨማሪ ደም ያገኛል። የማይተነፍስ ሕፃን ሲያጋጥም ግን በፍጥነት ተወስዶ በአየር መስጫ ይረዳል። የተጨነቀች እናት ልጇ ለምን እንደተወሰደ እንዲነገራት መጠየቅ ይገባታል።

ለእናቲቱም በዚያው ደቂቃ ጭኗ ላይ መርፌ ትወጋለች። የዚህችን መርፌ ጥቅም ሁሉም ወላጅ ሊያውቀው ይገባል። ማኅፀኑ እንዲኮማተርና ደሙ እንዲቆም የምታደርግ ናት። የእንግዴ ልጁም አብዛኛውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት መሠረት በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ ነበር። ከነዚህ ምክንያቶች መካከል ዋነኛው የደም መፍሰስ ነው። ደም ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ጤናማ የነበረችውን እናት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ከወሊድ በኋላ ያለው ቀን

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከተባለ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ቤት ለመመለስ ይቸኩላል። ገንፎው ተዘጋጅቷል፤ ጎረቤትም ይጠብቃል። ነገር ግን እናትና ልጅ ቢያንስ 24 ሰዓት በሆስፒታሉ እንዲቆዩ የሚመከረው የደም መፍሰሱ አደጋ ከሁሉ የሚከፋው በዚህ ቀን ስለሆነ ነው። አዋላጅዋ እየተመላለሰች ሆዷን ስትጫን ሕመም ይሰማት ይሆናል፤ ማኅፀኑ መጠንከሩን እያየች ነው። ሞዴሱ ቶሎ ቶሎ የሚርስ ከሆነ፣ ካዞራት ወይም ዓይኗ ከጨለመባት ሳታፍር ትጣራ።

ሕፃኑ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ሊጠባ ይገባል። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ቢጫ እንገር የሚደፋ አይደለም፤ የሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያ ነው። ቅቤ ማስዋጥ፣ የስኳር ውሃ ማጠጣት፣ እትብቱንም ቅቤ መቀባት ከእንግዲህ መቅረት አለባቸው። ገላውን ማጠብ ለ24 ሰዓት ይቆያል። በዓይኑ ቅባት ይደረግለታል፤ ቫይታሚን ኬ ይወጋል፤ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ የመጀመሪያ ክትባቱን ይወስዳል። ወላጆች ከመውጣታቸው በፊት የልደት ማሳወቂያውን ወረቀት መቀበል አይርሱ። ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀናት ውስጥ ነውና።

ቀዶ ጥገና ካስፈለገ

ምጡ ቢታገድ ወይም የሕፃኑ ልብ ምት ቢዛባ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ሊወስን ይችላል። ምክንያቱን አስረድቶ የፈቃድ ወረቀት ያስፈርማል። አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣው የሚሰጠው በወገብ ነው፤ እናቲቱ ሳትተኛ የልጇን ልቅሶ ትሰማለች። በዚህ ሰዓት «ሽማግሌ ይምከርበት» ብሎ መዘግየት ሁለት ነፍስ ላይ መፍረድ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት አስቀድመው በቤታቸው ሊነጋገሩበት ይገባል። በቀዶ ጥገና የወለደች እናት የሚቀጥለውን ልጅ በቤት ለመውለድ መሞከር የለባትም።

ስለ አገልግሎቱና ስለ ባል ድርሻ

በሆስፒታሎቻችን ጉድለት የለም ማለት አይቻልም። የአልጋ ጥበት አለ፤ በሥራ ብዛት የተማረረ ባለሙያ የሚሰነዝረው ክፉ ቃልም አለ። በምጥ ላይ ያለችን ሴት መቆጣት ሌሎች አሥር ሴቶችን ከሆስፒታል ማስቀረት መሆኑን ባለሙያዎቹ ሊረዱት ይገባል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ማድረጉም ችግሩ መታወቁን ያሳያል። የተበደለች እናት ለኃላፊው ማመልከት አለባት። በዚህ ሰበብ በቤት መውለድ ግን ቅጣቱን በራስ ላይ መፈጸም ነው።

የአባት ሥራም በር ላይ ቆሞ ሲጋራ ማጨስ አይደለም። ካርዱን የሚይዝ፣ መድኃኒት የሚያመጣ፣ ሐኪሙ ሲያስረዳ የሚያዳምጥ፣ ሚስቱ በምጥ ላይ መናገር ሲያቅታት ስለ እርሷ የሚናገር ሰው ያስፈልጋታል። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ የክትትሉን ቀጠሮ አብሯት ከሄደ ነው።

ያቺ ጎረቤታችን ሁለተኛ ልጇን በወለደች ጊዜ ማንም «ገና ነው» ብሎ አላቆያትም። ቁርጠቱ ሥርዓት ሲይዝ ዘንቢሏን ባሏ አንሥቶ ወጡ። እንደደረሰችም በፊተኛው ወሊድ ደም እንደፈሰሳት ቀድማ ለአዋላጅዋ ነገረች፤ እነርሱም ግሉኮሱን ከምጡ በፊት ተክለው፣ መርፌውን አዘጋጅተው ጠበቋት። በማግሥቱ ሕፃኗን አቅፋ ወጣች። አሁን ታናሽ እህቷ አርግዛለች። ምክር የምትሰጣት እናቷ ብቻ አይደለችም፤ እርሷም ጭምር ናት። እናታቸውም አጠገባቸው ተቀምጠው ያዳምጣሉ።